ኮዳውና መስኮቱ

ጥር 14፣ ጋምቤላ

ከደቡብ ሱዳን ስንመለስ ከፓጋክ ድንበር የጫነን የሚኒባስ ሹፌር ዛሬ ደወለልኝ። ከጎኔ ተቀምጠው ሲስሉ የነበሩት ሽማግሌ ቲቢ ተገኝቶባቸዋል፤ አብረን የተጓዝን ሁሉ መመርመር አለብን አለኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷን፣ «ከኮዳዬ ውሃ ሰጥቻቸው ነበር፤ ግን እሳቸው እንደጠጡበት ወርውሬ ጣልኩት» አልኳት። እንድታመሰግነኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

«በኮዳ አይተላለፍም እህቴ፤ በትንፋሽ ነው። መስኮቱስ ክፍት ነበር?»

መስኮቱ በእኔ በኩል ነበር። ኮዳውን ለመወርወር ከፈትኩት፤ ወዲያው አቧራውን ጠልቼ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሽማግሌው አይተው አንገታቸውን ደፉ። ሰው ፊት አዋረድኳቸው፤ ያውም ለከንቱ!

አክታዬን ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱ ነገ ነው። ለራሴ ያን ያህል አልፈራሁም። ከኋላችን ግን ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች። ሹፌሩ ስልኳን አያውቀውም።

ያን አድርጌባቸው እንኳ ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ ለምነውኝ ነበር፤ «ልጄ፣ መስኮት ክፈቺ። ከኋላ ትንሽ ልጅ አለ።»

እኔ አቧራውን አሳየኋቸው።