ቨርሎን ዳንሱን ያስቆመበት ካሴት

ሆይት፣ አንተ ጉደኛ፣

ሉሊንግ ከተማ፣ ቨርሎን ቤት ነኝ። ሴት ልጁ ዱሮ ዳንስ ቤት ስንጫወት የተቀዱትን ካሴቶች ጋራዥ ውስጥ አግኝታ፣ ሐብሐብ እየበላን አዳመጥናቸው። አንተ ትዘፍናለህ፤ ከሥር የጨፋሪው ቦት ጫማ ኮቴ ይሰማል። ቨርሎን ፔዳሉን ረግጦ ያንን ስቲል ጊታር ሲያስለቅሰው ግን ኮቴው ሁሉ ቀጥ አለ። ቱልሳ ከተማ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጸሎት እንኳ እንዲህ ጸጥ ተብሎ አያውቅም!

ቨርሎን አቀረቀረ። «ይኸው፣ ዳንሱን ገደልኩት። ሆይት ከባንዱ ያባረረኝ ወዶ አይደለም» አለ። «ሰው የከፈለው ሊጨፍር ነው እንጂ አንተን ቆሞ ሊሰማ አይደለም» ያልከው ዛሬም ያንገበግበዋል።

«አንተ ሞኝ ሽማግሌ፣ ዝም ብለህ ስማ!» ብዬ ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩት። ሆይት፣ እሱ ሲጨርስ ዘፈኑን መቀጠል የነበረብህ አንተ ነበርክ። እኔ በቫዮሊኔ መግቢያህን ደጋግሜ እጫወትልሃለሁ፤ አንተ እንደ ሰዉ ሁሉ ፈዘህ መዝፈኑን ረስተኸዋል።

ቨርሎን ቀና አለና «እስቲ ድገሚው» አለኝ።

ሚስትህን ዊላዲንን ሳምልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ የቨርሎንን ስልክ ቁጥር ቴምብሩ ሥር አጣብቤ ጽፌልሃለሁ።

ኦሌታ