ወደ እማዬ፣ በባቡሩ መንገድ

ወንድም ዓለም ላክላን፣

እንደምን ከርመሃል? ሳልህስ? ያ የማዕድኑ አቧራ ተወት አድርጎሃል ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሳሃል? ባለቤትህ ማርጎ ደህና ናት? ሴት ልጅ ወለዳችሁ ሲሉ ከሰው ሰምተናል፤ ጥርስ አወጣች? መሄድ ጀመረች? እኔ እህትህ ሮና በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ለማለት ግን አፌ እሺ አይለኝም። ይህን የምጽፍልህ ክላይድ ሆስፒታል፣ እማዬ አልጋ ጎን ተቀምጬ ነው። ጣቶቼ አልታዘዝ ስላሉኝ ጽሕፈቴን ታገሰኝ።

ስልክህን ከቀየርክ ወዲህ በምን እናግኝህ? እግዜር ሲረዳኝ፣ እማዬን የምታስታምማት ነርስ፣ ዲርድሬ፣ ባሏ አንተ ያለህበት ማዕድን ማውጫ ነው የሚሠራው። እረፍቱን ጨርሶ ነገ ጠዋት ይመለሳል። ይህችን ወረቀት በእጅህ እንዲሰጥህ ለምኜዋለሁ።

ትናንት ጠዋት ዲርድሬ ደውላ፣ “ሮና፣ የእናትሽ ልብ ደክሟል። ልታያት ከፈለግሽ ዛሬ ነይ፤ ነገን እንጃ” አለችኝ። ወቅቱን ታውቀዋለህ፣ በጎቹ የሚወልዱበት ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰንብቶ ታይሪ ወንዝ ሜዳውን ሞልቶታል፤ መንደራችን ዋይፒያታ ደሴት መስላለች። ከእኛ እስከ ክላይድ ያለው የመኪና መንገድ በየቦታው ተንዷል። ሄሊኮፕተሮቹ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ለማንሳት እንኳ አልበቁም። ከውሃው በላይ የቀረው አባባ ጉልበቱን የጨረሰበት የባቡር መንገድ ብቻ ነበር። ሐዲዱን ነቅለው ለብስክሌት ካደረጉት ወዲህ ቱሪስቱ በበጋ ሲመላለስበት አያለሁ እንጂ፣ እኔ ከጎረቤታችን ከራንፈርሊ አልፌ ሄጄበት አላውቅም።

ባለቤቴ ኢዋን ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ግልገል እያወጣ ነበር። ብስክሌቷን ይዤ ስወጣ ሲያየኝ፣ “ሮና፣ አታብጂ! በየትኛው ጉልበትሽ?” ብሎ ጮኸ። ፔዳሉን ረገጥኩት። አንዴ ከቆምኩ እንደማልሄድ አውቄዋለሁ።

እስከ ዌደርበርን ድረስ ዳገት ነው። ባቡር እንዲወጣው የተሠራ ስለሆነ ዐይን አያየውም፤ ጭን ግን ያውቀዋል። ነፋሱ ከፊት፣ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ከጎን። ሰው የሚባል የለም። ከበጎችና ከጭልፊት በቀር ያየኝ አልነበረም። ኦቱሬሁዋ ስደርስ ባለሱቁ መርቪን፣ ያ ወሬኛው፣ በር ላይ ቆሞ፣ “አንቺ ሴትዮ! ባቡሩ ካመለጠሽ ስንት ዓመቱ!” ብሎ ሳቀብኝ። “እማዬ ልትሞት ነው” ስለው ሳቁ እዚያው ደረቀ። ሻይ በብዙ ስኳር አጠጣኝ፤ ትኩስ የሥጋ ፓይ ኮቴ ኪስ ውስጥ ወሸቀልኝ። መኪናውን አውጥቶ ሊያደርሰኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን ወዲያም ወዲህም መንገድ የለም። “ገደሉ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ስትደርሺ ውረጂና ግፊ። ጀግና ልሁን እንዳትዪ፣ ሰማሽኝ?” አለኝ።

እውነቱን ነበር። ድልድዩ ላይ ነፋሱ ብስክሌቷን ከእጄ ሊነጥቃት ታገለኝ፤ አጥሩን አቅፌ በጎኔ እየተሳብኩ ተሻገርኩ። ከዚያ የባቡሩ ዋሻ። የብስክሌቷ መብራት ጠፍቷል። እርጥቡን ግድግዳ በእጄ እየዳበስኩ ስሄድ፣ አልደብቅህም፣ አንተን ሰደብኩህ። ስምህን እየጠራሁ፣ “የት አለህ? ለምን ብቻዬን?” ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ዞሮ ራሴው ላይ መጣ።

ከዋሻው ስወጣ የኋላ ጎማዬን እሾህ ወግቶት አገኘሁት። መንፊያ አልያዝኩም። መሬት ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ጎማውን በጥፍሬ ፈልቅቄ ሣር ጠቀጠቅኩበትና እየተንገጫገጭኩ ነዳሁ። ጣቶቼ እንዲህ የሆኑት ያን ጊዜ ነው። ክላይድ ስገባ ሊመሽ ነበር፤ ከብስክሌቷ ስወርድ የሆስፒታሉ ዘበኛ ደግፎ አስገባኝ።

እማዬ አለች፣ ላክላን። ግን ምን ቀርቷታል! ትራሱ ይበልጣታል። ዐይኗን ገልጣ እላይ እታች አየችኝና፣ “ይሄ ሁሉ ጭቃ ምንድነው?” አለች። ቀጥላም፣ “ላክላንስ?”

ቀኑን ሙሉ ስረግጥ የዋልኩት እኔ፣ የተጠየቅኩት ስለ አንተ። ያም ሆኖ፣ “እየመጣ ነው እማዬ፣ መንገድ ላይ ነው” አልኳት። ከዚያ በኋላ ዲርድሬን ጠርታ ፀጉሬን አበጥሪልኝ አለቻት፤ “ልጄ እንዲህ ተንጨባርሬ አያገኘኝም” ብላ። የሕመም ማስታገሻውንም እምቢ አለች። ያስተኛኛል፣ ተኝቼ ቢመጣስ ትላለች። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ፣ በር በተከፈተ ቁጥር አንገቷን ቀና እያደረገች ነጋ።

ለአባባ ቀብር ባለመምጣትህ፣ “ወንድ ልጅ አልወለድኩም” ማለቷን አልረሳሁም፤ አጠገቧ ነበርኩ። ይቅር በላት ብዬ አላስገድድህም። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አሁን አልቆጥርም። ሐኪሙ የቀራት ጥቂት ቀን ነው ይላል። እኔ ዋሽቼያታለሁ፣ እሷ ደግሞ በውሸቴ ምክንያት እየተሰቃየች ነው። እውነቱን ልንገራትና መድኃኒቱን ትውሰድ፣ ወይስ ትጠብቅህ? ደብዳቤውን እንዳነበብክ ወደ ሆስፒታሉ ደውል። እባክህ ወንድሜ፣ እግርህ ላይ ወድቄያለሁ።

ኢዋን እዚህ ቢኖር ሰላም በይልኝ ይለኝ ነበር። መርቪንም፣ ባታውቅህም ዲርድሬም ሰላም ብለውሃል። ማርጎን በእኔ ስም አቅፈህ ሳማት። ትንሿን ልጅህንም ጉንጯን ሳምልኝ። ዛሬ ማለዳ እማዬ ስሟን ጠይቃኝ፣ አላውቀውም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስሟን መጥተህ ንገራት።

እህትህ ሮና
ክላይድ፣ ኒውዚላንድ
ሴፕቴምበር 19 ቀን 2013