ከንቲባው ይቅደም

ዛሬ ሐሙስ ኦገስት 14 ቀን 2014፣ በሬንማርክ ከተማ፣ በማሪ ወንዝ ዳር በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ እኔ ኖኤል ትሬገንዛ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በምስክሮች ፊት ሰጥቻለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ የከዱኝ ሁለቱ ጉልበቶቼ ናቸው። ማንም አላስገደደኝም። አስገዳጅ ካለ አልጋው ነው፤ በኤፕሪል ከጓሮው ደረጃ ከወደቅሁ ወዲህ ሳሎን ውስጥ ተጋድሜ የማየው አንድ ግድግዳና አንድ ዓሣ ብቻ ነው።

ጸሐፊዬም ምስክሬም ጎረቤቴ ኩላ ማንዲስ ናት። የተባለውን ሁሉ፣ የራሷን ስድብ ጭምር፣ እንድትጽፍ ነግሬአታለሁ። «የኔን ስድብ ከጻፍኩማ ወረቀቱ አይበቃም» ብላለች። ይኸው ተጽፏል። ሁለተኛው ምስክር ወዳጄ ኢርቪን ኖስኬ ነው፤ አናጢና የወይን ገበሬ። ንግግር አይወድም፤ ስለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ልጄ ሮንዳ ወራሽ ስለሆነች መመስከር አትችልም። ወጥ ቤት ሆና የዱባ ሾርባ ታማስላለች፤ በሩ ግን ክፍት ነው፤ ጆሮዋም እንደዚያው።

አንደኛ፤ ፐርዝ ለሚኖረው ልጄ ለግራንት የቤቱን ስልክ አውርሼዋለሁ። በዓመት አንዴ፣ ለገና፣ ይደውላል። አሁን ሁለቱም ጫፍ በእጁ ስለሚሆን እንደልቡ ያውራ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቼንም ይውሰድ። ምርጡ ድሮም እሱ ጋ ነው፤ መርቄለታለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቤቱና ስለ ከንቲባው።

ከንቲባው ማሪ ኮድ የሚባለው የወንዛችን ትልቅ ዓሣ ነው። ቁመቱ ከክንዴ ያልፋል፤ ሆዱም የሹም ሆድ ነው። ኢርቪን ለእርሻው ኩሬ የዓሣ ጫጩቶች ከአርቢ ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ጫጩቶቹን ኩሬው ውስጥ ገልብጠን፣ ባዶውን ላስቲክ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ስዘረጋው እጥፋቱ ውስጥ ጣቴን የማያክል አንድ ቀርቶ አገኘሁ። ወንዙ ደጃፌ ነው፤ ነገር ግን ከእርባታ የመጣ ዓሣ ወደ ወንዝ መልቀቅ ክልክል ነው። ባለቤቴ ቫልማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የማርማላታ ጠርሙስ አጥባ ሰጠችኝ። «እስከ ነገ ብቻ» አለች። ያ ነገ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ከጠርሙስ ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ ገላ መታጠቢያው ገንዳ ተዛወረ። ቫልማ ፎጣዋን ታጥቃ «ወይ እሱ ይታጠብ ወይ እኔ!» ስትል ነው ትልቁን የመስታወት ገንዳ ለመሥራት የተነሣሁት። ቤታችን በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ስለሆነ ያን ሁሉ ውሃ አይሸከምም፤ ኢርቪን ከወለሉ ሥር ገብቶ ኮንክሪት ሞላበት። ወፍራሙን መስታወት ወንዙን በሚያየው በሰፊው በር አስገባን፤ እዚሁ ሳሎን ውስጥ በሲሊኮን አጣበቅነው። ከታች ጠጠር፣ ከላዩ የወንዝ ባህር ዛፍ ግንድ አስተኛንበት። አማረ። በወሩ ግን ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የአተር ሾርባ መሰለ። ለካ በሰፊው በር የሚገባው ፀሐይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መጋረጃ ይሰቅል ነበር። እኔ ኢርቪንን ጠርቼ በሩን በግድግዳ አስደፈንኩት።

ወንዙ የሚታየው በዚያ በር ብቻ ነበር። ቫልማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዲሱን ግድግዳ አየችና «ወንዙን ዘግተህ አንድ ገንዳ ውሃ አመጣህልኝ» አለች። በኋላ ግን ከእኔ ይልቅ ከዓሣው ጋር ታወራ ነበር።

ገንዳው በቀሩት በሮች ማለፍ አለማለፉን የለካነው ሁሉን ከደፈንን በኋላ ነው። ኢርቪን ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «አያልፍም» አለ። በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣው ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

ጓደኛ ይሁኑት ብዬ ብርማ ዓሦች ገዛሁለት፤ የምክር ቤት አባላት አልናቸው። ከንቲባው አንድ በአንድ ዋጣቸው። ከዚያ ወዲህ በገንዳው ውስጥ ሁሉም ነገር በሙሉ ድምፅ ይወሰናል።

ስለዚህ ቤቱን ለልጄ ለሮንዳ አውርሻለሁ፤ <s>ነገር ግን ከንቲባው በሕይወት እስካለ ድረስ ቤቱን እንዳትሸጥ፣ እንዳታከራይ፣ እዚሁ እየኖረች በየሳምንቱ ከውሃው ሲሶውን እየቀየረች እንድትጠብቀው ይህን ቅድመ ሁኔታ አድርጌአለሁ።</s>

ኩላ ይህን ጽፋ ሳትጨርስ የወጥ ቤቱ ማማሰያ ዝም አለ። ሮንዳ ጭልፋውን እንደያዘች መጣች።

«አባዬ፣ ይኼ ዓሣ ስንት ዓመት ይኖራል?»

«በደንብ ከያዝሽው ሌላ ሃያ ዓመት አያቅተውም።»

«እኔ እኮ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።»

«እሱ ገና ጎረምሳ ነው» አልኩ። ኩላ ሳቀች። ሮንዳ አልሳቀችም።

«አዴሌድ ከተማ ያለውን ቤቴን ዘግቼ፣ ሥራዬን ትቼ የመጣሁት ‹ለሁለት ሳምንት ብቻ› ብለኸኝ ነው። ይኸው አራት ወር ሆነኝ። በእማዬ የስፌት ክፍል ውስጥ ተኝቼ የዚህን ፓምፕ ጉርጉርታ ስሰማ ነው የማድረው። ላንተ ምንም አልልም፤ አባቴ ነህ። አንተ ስትሄድ ደግሞ ከሱ ጋር ልትቆልፍብኝ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? መውጫ የለውም እኮ፣ ልጄ።»

«መውጫ የሌለው ገንዳው ነው! ዓሣው በእርጥብ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በወጥ ቤቱ በር ይወጣል፤ አንተም በዚያው በር ትወጣለህ። እሱ እንቢ አላለም። እንቢ ያልከው አንተ ነህ።»

ሾርባው ከጭልፋው ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ከንቲባው ከግንዱ ሥር ወጥቶ መስታወቱ ጋ መጣና አፉን ከፍቶ ዘጋ። እኔም አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

«ይኼንንም ልጻፈው?» አለች ኩላ።

«ጻፊው።»

«እኔን ብትሰማኝ ኖሮ ያኔውኑ በሎሚና በወይራ ዘይት ጠብሼው ሁላችሁም ታርፉ ነበር።»

ኢርቪን ጉሮሮውን ጠረገ። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን፤ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም አይደለም።

«ኩሬዬ አለ» አለ። «ድሮም የኔ ኩሬ ዓሣ ነው።»

ስለዚህ ከላይ የሰጠሁት ቅድመ ሁኔታ ተሰርዟል። ኩላ መስመር ታስምርበት፤ ነገር ግን ይነበብ። አባቷ ምን ሊሠራት እንደነበር ሮንዳ እያነበበች ትሳቅበት።

ሦስተኛ፤ ቤቱ ያለ አንዳች ገደብ የሮንዳ ነው። ትሽጠው፤ ካሰኛትም ሮዝ ቀለም ትቀባው። ስትለምነኝ የከረመችውን፣ አዴሌድ እሷ ቤት አጠገብ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ መግባቱንም እሺ ብያለሁ። «ዓሣ አላቸው ወይ?» ብዬ ጠይቄአት «አርብ አርብ፣ ከድንች ጥብስ ጋር» ብላኛለች። ጥርሷ የታየው ያኔ ነው።

አራተኛ፤ ይህ አንቀጽ ሞቴን አይጠብቅም። ከንቲባው በወጥ ቤት በር እንደ ሌባ አይወጣም፤ እኔም አልወጣም። ኢርቪን ቅዳሜ መጋዙን ይዞ ይምጣና የደፈነውን ግድግዳ ይክፈተው። ከንቲባው በእርጥብ ብርድ ልብስ ይቅደም፤ ወደ ኩሬው ይሂድ። ገንዳው ይከተል። ከዚያ እኔ ከነአልጋዬ። ደፉ ላይ ስደርስ ግን አንድ ሻይ እስክጠጣ አቁሙኝ፤ ቫልማ ትቆምበት ከነበረው ቦታ ወንዙን ልየው።

አምስተኛ፤ ገንዳው ከቅዳሜ ጀምሮ የኩላ ነው፤ ውርስ ሳይሆን ስጦታ ስለሆነ ምስክርነቷን አይነካም። («ማን ጠየቀህ?» ብላለች፤ እየጻፈች ግን።) በረንዳዋ ሲሚንቶ ስለሆነ ይሸከመዋል። ጠጠሩን ውሃው እስኪጠራ ደጋግመሽ እጠቢው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክሎሪኑን የሚያጠፋውን መድኃኒት ሳትጨምሪ ዓሣ እንዳታስገቢበት። መጀመሪያ ፓምፑን ያለ ዓሣ ጥቂት ሳምንታት አስኪጂው፤ ውሃውን የሚያጸዱት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነፍሳት እስኪበዙ ድረስ ሰው ትዕግሥት ሊኖረው ይገባል፤ አንቺ ደግሞ የለሽም። ከዚያ ከኛው ወንዝ ዘር ትንንሾቹን፣ ከጣት የማይበልጡትን ብቻ፣ ከአርቢ ግዢ። ፀሐይ ከበዛበት መጋረጃ ስቀዪ። አደራ፣ መጋረጃ።

ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ስድቡም ሳይቀነስ መጻፉን ሰምቼ፣ በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ።

ኖኤል ትሬገንዛ (ፊርማ)

ምስክር፦ ኩላ ማንዲስ (ፊርማ)። ትዕግሥት አለኝ፤ ከዚህ ሰው አጠገብ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ።

ምስክር፦ ኢርቪን ኖስኬ፣ አናጢ (ፊርማ)። የተደፈነውን በርም አልጋውንም ለክቻለሁ። አልጋው ያልፋል።