የእኔ ስንኝ፣ የእሷ ስንኝ

ጥቅምት 6

ድግምት አልደግምም። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳለች አሉ፤ «አሮጊቷ የታመመችውን ሴትዮ አፏን እያስከፈተች ትደግምባታለች» ብላ። ሁለት ስሕተት። አንደኛ፣ ድግምት ሳይሆን የጥንት ግሪክ ግጥም ነው። ሁለተኛ፣ አፏን እኔ አላስከፈትኩም። ራሷ ከፈተችው።

የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ዝናብ ዋለ። ድንች ቀቀልኩ፤ ግማሹን ተውኩት።

ጥቅምት 7

ለራሴም ቢሆን በሥርዓት ልጻፈው። የታመመችው ጓደኛዬ ጮሌ... ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምንጠራት እንዲህ ነው፤ ምላሷ ምላጭ ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም። ልጇን አታውቅም። እኔንም። እሑድ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ የምለው ሲጠፋኝ አፌ ላይ የመጣው ያ ተማሪ ሳለን በቃላችን የያዝነው የመርከበኞቹ የግሪክ ግጥም ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ አልኩ። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛውን አለችው። ጥርት አድርጋ!

መምህራችን ያስተማሩን እንዲያ ነበር። ጥንድ ጥንድ አድርገው፤ አንዱ ስንኝ የእኔ፣ ቀጣዩ የእሷ። የጠፋትን ስንኝ ለጓደኛ ማቀበል ክልክል። የጠፋትም፣ ያቀበለችም፣ የተቀበለችም ደጅ ትቆማለች፣ ውርጭም ቢሆን። ጮሌ አንድም ቀን አቀብላኝ አታውቅም። «ቁሚ፣ እግርሽ ይጠነክራል» ትለኝ ነበር።

ልጇ ሻይ ይዛ ስትገባ ሰማች። ትሪው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚያስብሏት?»

ነገርኳት። ጥንዱንም፣ ክልከላውንም፣ ደጁንም። የገባት አልመሰለኝም።

ጥቅምት 9

ሐኪሙ መጥቶ ነበር። ልጇ ነገረችው። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ በቃል የተያዘ ነገር ምላስ ላይ ይቀራል። ማሰብ አይጠይቅም። በቀቀንም እኮ ይላል።»

በቀቀን! ጮሌን!

ልጇ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ያንን ስትል የሌላ ሰው ድምፅ ነው የሚመስለኝ። እማዬ ውስጧ የለችም። ሰኞ መጦሪያ ቤት ይወስዷታል፤ ሌላ ከተማ ነው። እኔ ደከመኝ።»

«እዚያ ማን ያናግራታል?»

«እዚህስ ማንን አናገረች?»

ደረጃውን ወረድኩ።

ሐኪሙ ልክ ቢሆንስ? ከባዶ ቤት ጋር ስቀባበል ከርሜ ቢሆንስ?

ጥቅምት 10

ልብስ ሰፊዋ ስታየኝ መቀሷን እንደያዘች ወደ ውስጥ ገባች። «ደህና ዋይ» አልኳት፣ ጮክ ብዬ። ትፍራ። እኔም ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 11

ልጇን ለመንኳት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንቺ ቆመሽ እያየሽ። እሺ አለች፤ ግን ከበሩ አልራቀችም።

ጀመርኩ። ጮሌ መለሰች። እኔ። እሷ። እንደ ውሃ ወረደ። መርከቡን ገፉት፣ ሸራውን ሰቀሉት፣ ነፋሱ ጥሏቸው ሄደ... ከዚያ የእኔ ተራ።

ባዶ።

ለማን ብዬ ልዋሽ? ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠፍቶኝ የማያውቅ ስንኝ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ። እኔም? እኔም እንዲህ ልሆን ነው?

ጮሌ አየችኝ። ከዚያ በሩን አየች፤ መምህራችን እዚያ የቆሙ ይመስል፣ ሰረቅ አድርጋ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና የእኔን ስንኝ፣ የእኔን፣ በሹክሹክታ አለችው። መቅዘፊያቸውን አነሱ የሚለውን።

አቀበለችኝ።

«የእርስዎ ተራ አልነበር እንዴ?» አለች ልጇ።

«ነበር። ጠፋኝ።»

«አየችዎትና ሰጠችዎት?»

«አዎ።»

ልጇ አፏን በእጇ ያዘች። «በሩን እንዲያ የምታየው ከአባዬ ተደብቃ ስታጨስ ነበር። እማዬ ናት። እትዬ፣ እማዬ ናት!» ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። ወዲያው ስልኳን አንስታ መጦሪያ ቤቱ ደወለች። «ነገ እንዳትመጡ» ስትል ሰማኋት። ጮሌ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ደክሟታል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ብሎኛልም። ግን ቤት ገብቼ ስንኙን ሞከርኩት፤ አለ። ኮቴን ሰቅዬ ደግሜ ሞከርኩት... የለም። የእሷ ግማሽ እሷ ዘንድ አለ። የእኔ ግማሽ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

ነገ መጀመሪያ፣ ከአልጋ ሳልወርድ ስንኙን እጠራዋለሁ። ካልመጣ አልደነግጥም። እደነግጣለሁ፣ ግን እነሳለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ፣ ፀጉሬን እጎነጉናለሁ። ለሐኪሙ እደውላለሁ፤ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ እኔ። ከዚያ ለልጇ የእኔን ስንኞች ማስተማር እጀምራለሁ። ቆማ ነው የምትማረው፣ ጮሌ አልጋ አጠገብ።

ጮሌ ብታቀብላት ግን እንዳላየሁ አልፋለሁ።