የጽጌ የቦክስ ጓንት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት።

የባለቤቴን የጽጌን ሹራብ አዝራር እየቆለፍኩላት ልጃችን ሰላም ደወለች። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ጨረስኩ። ጽጌ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሳለብሳት ሁሌም እንደዚያ ናት።

የኢንሹራንሱን ወረቀት እንደ አዲስ አንብባዋለች። ታስታውስ እንደሆነ ማስታወሻዬ፣ አምና ለጡረተኞች የሚሆን የጤና ኢንሹራንስ ገብተን ነበር። የጽጌን ፓርኪንሰን፣ ያን የሚያንቀጠቅጣትን በሽታ፣ ግን አይሸፍንም፤ ከመግባታችን በፊት የነበረ በሽታ ነው አሉ። ተናድጄ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። አሁን ሰላም ምን ትላለች፣ ጂም ይሸፍናል። ለሁለታችንም። ክላፋም ሰፈር ያለው ጂም ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ለፓርኪንሰን ሰዎች ክላስ አለው። የምን ክላስ? ቦክስ።

ሳቅኩ። በሽታውን አይሸፍኑ፣ ቡጢውን ይሸፍናሉ። ጽጌ አልሳቀችም። በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀች።

ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ላይ ድምፅ እንኳ ከፍ አድርጋ አታውቅም። እስቲ እናያለን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ማታ።

ሄድን። ከሰፈራችን ከኤሌፋንት አንድ አውቶቡስ ነው። ነጠላዬን አልፈታም ብላ ወገቧ ላይ አሰረችው። አሠልጣኟ ግሬስ ትባላለች፤ ሃምሳን ያለፈች የጃማይካ ሰው፣ ትከሻዋ ሰፊ። ሌሎቹ ሁሉ እንደኛ ሽማግሌና አሮጊት። የሁሉም እጅ ይንቀጠቀጣል። ማንም ማንንም አያይም።

ክርኗን ይዤ አብሬያት ቆምኩ። ግሬስ በትሕትና ውጭ ሻይ አለ አለችኝ። ሻይ አልጠጣም አልኳት። ፈገግ ብላ በሩን ከፈተችልኝ። ተባረርኩ ማለት ነው።

በበሩ መስታወት አየሁ። ጽጌ የተንጠለጠለውን ከረጢት ነካ አደረገችው፣ በሽተኛ የተኛበት ቤት በር እንደምታንኳኳ። ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9።

ከቤ/ክ ተመለስን። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ወደ አዳራሽ ለምሳ ሲገባ እኛ ወጣን። እንዲህ ማድረግ ከጀመርን ዓመት አለፈን። ሰው ፊት ወጥ ሲፈስባት ማየት አልፈልግም። ወ/ሮ አልማዝ፣ የድሮ ጓደኛዋ፣ ዛሬ አብራችሁን ብሉ ብላ እጇን ያዘች። ደክሟታል አልኩ።

ቤት ገብተን ጫማዋን ሳወልቅላት፦ "አልደከመኝም ነበር እኮ።" ይህን ብቻ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13።

በሽታው ድምፅም ይቀንሳል። ስታወራ ጆሮዬን ወደ አፏ ካላስጠጋሁ አልሰማትም። ለዚህ ነው መሰል ግሬስ ሲመቱ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ የምትለው። በየተራ።

ውጭ ቆሜ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአማርኛ። የዱሮው ድምፅ፣ ልጆች ከመንገድ የምትጠራበት። ግሬስ ሁሉም እንደሷ ይቁጠር አለች። ፓትሪክ የሚባል ረጅም አየርላንዳዊ ሽማግሌ "ሁለት" ሊል ሲታገል አየሁ። ሻይዬ ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25።

መጥፎ ቀን። ጠዋት እግሯ ኩሽና በር ላይ አልንቀሳቀስም አለ። ስትወድቅ ድምፁን ሰምቼ ከመታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ስደርስ ወንበሩን ይዛ ቆማለች። ዶ/ሩ አያት፣ አልተሰበረችም። ጉልበቷ ላይ ጠቁሯል።

ይብቃ። ለጂሙ ደውዬ የሐሙሱን ካንስል አደረግኩ። አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። ከሰዓት።

ጠዋት ለብሳ፣ ጓንቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ነገርኳት።

"ለምን?"

"ወደቅሽ አይደል።"

"ማን አነሣኝ?"

ስደርስ ቆማ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም። ለካ ግሬስ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ምንጣፍ ላይ እያስተኛች አነሣስ ታስተምራቸዋለች። ጎን መዞር፣ በጉልበት መቆም፣ የሚያዝ ነገር መፈለግ። መስታወቱ ጋ ቆሜ ይህን ሳላይ ምን ሳይ ነበር?

"ጌታቸው፣ እጄን በሽታው ወሰደው። የቀረውን አንተ አትውሰድብኝ።"

ሳትጮህ ነው ያለችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ደወልኩ። ቦታዋ አልተያዘም። አርፍደን ደረስን። ዛሬ ከረጢቱን ስትመታው ሰንሰለቱ ተንጓጓ። ማንን እየመታች እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እሑድ፣ ኅዳር 7።

አዳራሽ ገባን። እሷ ከሴቶቹ ጋር፣ እኔ ከወንዶቹ። ወጥ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ልነሣ ስል ራሴን ያዝኩ፤ ዓይኔን ወደ ትሪው መለስኩ። ቀና ስል አልማዝ ናፕኪን አቀብላታለች፤ ጽጌ ጠርጋ መብላቷን ቀጥላለች፣ ደግሞም ታወራለች። ስለ ቦክስ። ሴቶቹ በሳቅ ሞተዋል። አንዷ እኔም ኢንሹራንሴን ቼክ ላድርግ ስትል ሰማሁ።

በሽታው አለ። ዶ/ሩም አይጠፋም ብሏል። ግን ዛሬ ቀለል ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ማታ።

ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። ለሰላም ደወልኩላት፣ እንድታግዘኝ። እሷም "አባዬ፣ ሪላክስ አድርግ፣ ሺ ኢዝ ፋይን፣ ምንም አትሆንም" አለችኝ። ሁለት ለአንድ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት።

ሄዳለች። በመስኮት አውቶቡስ ስትሳፈር አየሁ። ሾፌሩ ቆሞ ጠበቃት። እግዜር ይስጠው።

ቤቱ ጭር አለ። ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ክላሱ አልቋል፣ አልመጣችም። ደወልኩ፣ አታነሣም። ጓንት ያጠለቀች ሴት እንዴት ታንሣ አልኩ፣ ለራሴ። ኮቴን ለበስኩ።

በሩ ላይ ሳለሁ ደወለች። ከፓትሪክና ከሌሎቹ ጋር ሻይ እየጠጡ ነው፤ አትጠብቀኝ፣ ምሳህን ብላ። ድምፅዋ ያለ ችግር ተሰማኝ።

ኮቴን እንደለበስኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ልሥራ? ከፓርክ ሮያል መጋዘን ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ እሷም ከታመመች ወዲህ፣ ለራሴ ብዬ የሄድኩበት ቦታ ትዝ አይለኝም። ኢንሹራንሱ ግን የሁለታችን ነው።

ለጂሙ ደወልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ለሽማግሌዎች ዋና አለ። ዋና አልችልም አልኳት ስልኩን ያነሣችውን ልጅ። የሚችል ሰው እዚያ ክላስ አይመጣም አለች። ተመዘገብኩ። የሐሙሱ የጽጌ ነው፣ አልከተላትም። ማክሰኞ የእኔ። ስትመጣ እነግራታለሁ፤ መሳቋ አይቀርም።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ። የሷ ነው። አሁን በሩ ጋ ደርሳለች፤ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ትታገላለች። አልነሣም። እየጻፍኩ ነው። አልነሣም። ገባ። ዞረ። በሩ ተከፈተ።