አንድ ቡሎን ለማጥበቅ ስንት ዘመድ ያስፈልጋል?

ለክቡር አቶ ፀጋዘአብ
የምሥራቅ ዳርቻ የሸራ ጀልባ ክበብ የግቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቶሮንቶ

ጉዳዩ፦ የ«ዶሮቲ» ጀልባ ቡሎኖች በማን እጅ እንደጠበቁ ማስረዳትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ ወገብዎን ሳይቆረጥመው፣ ጀልባዎም ውሃ ሳያስገባ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

በአማርኛ፣ ያውም በጋዜጣ ስጽፍልዎት ድፍረት አይምሰልብኝ። ለኮሚቴው በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ኢሜይል አድርጌ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «መልእክትዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» የሚል መልስ ጣቴን ከስልኩ ሳላነሳ ደረሰኝ። እንዲህ በፍጥነት የሚያነብ ኮሚቴ በዕድሜዬ አላየሁም። ይህ ጋዜጣ ግን ዌስተን ካለው ሱቄ በር ላይ በነፃ ስለሚወሰድ ዕጣ ፈንታውን አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ይነበባል፣ ግማሹ በርበሬ ይጠቀለልበታል፣ በሁለቱም መንገድ ከሰው ቤት ይገባል። እርስዎም አንድ እትም እንደማያልፍዎት ደንበኞቼ ነግረውኛል።

የጀልባ ክበብ ሲባል ነጭ ሱሪ የለበሱ ሀብታሞች የሚታዩት አንባቢ ቢኖር እንዳይሳሳት ልንገረው። የእኛ ጀልባዎች ከብዙዎቻችን ትዳር የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው፣ የበረዶውን ወራት በግቢያችን ውስጥ በብረት ድጋፍ ላይ ቆመው የሚያሳልፉ፣ ጸደይ ሲመጣ በክሬን ወደ ሐይቁ የሚወርዱ አሮጊቶች ናቸው። የእኔዋን ባለቤቴ ተክለ ማርያም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአንድ ሽማግሌ ሲገዛት ስሟ «ዶሮቲ» ነበር። የጀልባ ስም መቀየር መዓት ያመጣል የሚባል ነገር ስላለ ዶሮቲ ሆና ቀረች። በዚያ ሰሞን ባለቤቴ የት እንዳለ ስጠየቅ «ዶሮቲ ጋ ነው» እያልኩ ስመልስ፣ ሁለት የማኅበር እህቶቼ ሊያጽናኑኝ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሰው ሁሉ ሽጫት ይለኛል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ማንም የማይፈልገው ዕቃ ምን ያህል እንደሚያወጣ ሌላ ሰው ሊነግረኝ አይችልም። ያስቀረኋት ግን ገዢ ስላጣሁ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን ለረዳቴ ትቼ ወደ ግቢው የምሄድበት ምክንያት ስለሆነች ነው። ይህን ካስረዳሁ ዘንዳ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ጊዜዬን ስላተረፉልኝ አመሰግናለሁ። በበሩ ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ፣ ከዚህ ጸደይ ጀምሮ በኢንሹራንስ ምክንያት ማንም አባል በሌላ አባል ጀልባ ላይ እንዳይሠራ፣ እንዳይወጣ፣ መሣሪያም እንዳያውስ፣ ይህን የጣሰም ማቆሚያ ቦታውን እንደሚያጣ ይናገራል። ከዚያ በፊት አንድ ስንዝር እንጨት ልፈትግ ስሄድ፣ ጡረታ የወጣው ፖርቱጋላዊ ግንበኛ ማኑኤል የኤሌክትሪክ መፈተጊያውን ይዞ ይመጣል፤ አውቶቡስ ነጂው ራጉኤል ደግሞ ማኑኤል እንዳበላሸው ሊነግረኝ ይከተላል፤ ሌላው ክርክሩን ሊሰማ ይጠጋል፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ይመሻል።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት በግቢያችን ሰው የሚከበረው ባቃናው ሳይሆን ባበላሸው ነው። ማኑኤል ከራሱ ጀልባ ሆድ የነቀለውን ውታፍ በሸሚዙ ኪስ እንደያዘ ወደ ሐይቁ ወርዶ፣ እኛ ባልዲ ይዘን ስንሮጥ የምንሸኘው መስሎት እጁን ሲያውለበልብልን ነበር። ራጉኤል ከውስጥ ሆኖ የሚያፈሱ ቦታዎችን ሲያሽግ በሩን አብሮ አሽጎት፣ በፊተኛው መስኮት ትከሻውን ስበን እንደ ጥጃ አዋልደነዋል። እኔ ራሴ የሱቄን ግድግዳ ቀለም ትርፍ ለጀልባዋ ሆድ ተጠቅሜ፣ ቀለሙ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ በሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ ዳክዬዎች እየቀመሱ ተፉት። እርስዎም ሰብሳቢ ከመሆንዎ በፊት ሞተርዎ አልነሳ ብሎ ግማሹ ክበብ ሲፈታታልዎት ዋለ፤ ለካ የነዳጁን መዝጊያ አልከፈቱትም ነበር። ያገኘው ባለቤቴ ነው፤ ለማንም እንደማይናገርም ቃል ገብቶልዎታል። ቃሉን ጠብቆ አረፈ። እኔ ቃል የገባሁ አይመስለኝም።

አሁን ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ቀርቷል። የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ድሮ ቅዳሜ ከገጽ ተርፎ ወደ እሑድ ይፈስ ነበር። ከማስታወቂያዎ ወዲህ ያሉት ቅዳሜዎች «ሄድኩ፤ ተመለስኩ» ብቻ ይላሉ። ለወረቀት ቁጠባው ጭምር ምስጋና ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ መርማሪ ልከው ጀልባዬን ስላስመረመሩልኝ አመሰግናለሁ። በጠርዟ ላይ ሰው ወደ ውሃ እንዳይወድቅ ገመድ የሚያያዝባቸው ቋሚ ብረቶች አሉ፤ መርማሪው የአንደኛው ሥር ላልቶ ዝናብ ስለሚያስገባ ካልተስተካከለ ጀልባዋ ወደ ውሃ አትወርድም፣ ቦታዋም ለተረኛ ይሰጣል ብሎ ጻፈ። ስለ መላላቱ እውነቱን ነው፤ ዝናቡ የሚንጠባጠበው ትራስ ላይ ነው።

ጀልባ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ብረቱ የተያዘው በአራት ቡሎን ነው። ቡሎኑ ከላይ ገብቶ የጀልባዋን የላይ ወለል፣ ከሥሩ ላለው መኝታ ክፍል ጣሪያ የሆነውን፣ ይበሳና ከታች በዳዶ ይያዛል። አንድ ሰው ከላይ በካቻቢቴ ሲያዞር፣ ሌላ ሰው ከታች ዳዶውን በመፍቻ ካልያዘው ሁለቱ አብረው ይዞራሉ፤ እስከ ምጽአት ቢዞሩ አይጠብቁም። ሁለቱ ሰዎች አይተያዩም፤ በመካከላቸው ወለሉ አለ።

እኔና ባለቤቴ በየጸደዩ ይህን ስንሠራ ኖረናል፤ እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች በጀርባው ተኝቶ። «ያዝከው?» እላለሁ። «ይዤዋለሁ፤ አዙሪ» ይላል። ተክለ ማርያም ፊት ለፊት ሲቀመጡት ዝም የሚል ሰው ነበር፤ በወለሉ በኩል ግን ያወራል። ልጃችን ናኦሚ ቫንኩቨር ሥራ አግኝታ ልትሄድ መሆኑን ለእኔ መንገር ፈርታ ለእሱ ነግራው ኖሮ፣ እስከ ሦስተኛው ቡሎን ታግሶ ከታች ሆኖ ነገረኝ። ፊቴን እንዳያይ ነው፤ እኔም የእሱን እንዳላይ።

እሱ ካረፈ በኋላ የግቢው ልማድ ደግፎ ያዘኝ። ብቻውን የሆነ ሰው የጀልባውን ወለል ወይም ጎን ያንኳኳል፤ በቅርብ ያለ ሰው፣ ማን ነህ፣ ምን ፈለግህ ሳይል መጥቶ በጎደለው በኩል ይገባል። እርስዎ ይህን ልማድ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ አስቀሩት። ስንት አዋጅ ያልቻለውን ነው።

ሦስተኛ፤ ዘመዶቼን እንድቆጥር ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «የቅርብ ቤተሰብን አይመለከትም» ስለሚል ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ክፉ ቃል አልወጣትም። ባል እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ነበረኝ አልኳት። አዝናልኝ ወደ ልጅ አለፈች፤ ቫንኩቨር ናት አልኳት። ወንድም ጠየቀች፣ እህት ጠየቀች፣ አማች ጠየቀች። ዕቃው ማለቁን እያወቀ ለደንበኛው ክብር ሲል መደርደሪያውን እስከ ጫፍ እንደሚፈልግ ሻጭ ነበረች፤ ሙያውን ስለማውቀው አመሰገንኳት። ለናኦሚም ጻፍኩላት፤ «ማሚ፣ ጀስት ሴል ኢት» ብላ፣ እሷም ሽጫት ማለቷ ነው፣ በቴክስት መለሰች፤ ከሥሩ ልብ አድርጋበታለች።

አራተኛ፤ ኮሚቴው የፈቀደለትን ባለሙያ ስልክ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ጀልባዎች ሁሉ ወደ ውሃ ከወረዱ በኋላ ባለው ወር ሊመጣልኝ ቃል ገብቷል።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ልሠራው ወሰንኩ። መፍቻውን ከዳዶው ጋር በፕላስተር አሰርኩና በመሰላሉ ወጥቼ ካቻቢቴውን ሳዞር፣ መፍቻው ሲወድቅ ከታች ሰማሁ። ወረድኩ፣ አሰርኩ፣ ወጣሁ፤ ወደቀ። በዱላ ደገፍኩት፤ ከነዱላው ወደቀ። ግቢው ሙሉ ነበር። ማኑኤል ከሁለት ጀልባ ወዲያ መፍቻውን በእጁ ይዞ፣ በማያውቀው ሰው ቀብር ላይ የት እንደሚቆም እንደጠፋው ሰው ቆሟል። ራጉኤል አንዱን ቦታ ደጋግሞ ሲፈትግ እንጨቱን ሊጨርሰው ደርሷል። አልፈርድባቸውም፤ ቦታ ከተነጠቁ እነሱም እንደኔ ሌላ መዋያ የላቸውም።

በመጨረሻ መፍቻውን ልፈልግ ወርጄ፣ መልሼ መውጣቱ ስለታከተኝ በዚያው በጀርባዬ ተኛሁ። በእሱ በኩል ተኝቼ አላውቅም ነበር። ጣሪያው ቅርብ ነው፤ የሰውን ትንፋሽ ይመልሳል። ዳዶውን በመፍቻ ያዝኩና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በግራ እጄ ጣሪያውን አንኳኩቼ «ይዤዋለሁ» አልኩ።

ጆሮዬን ሰጠሁ። ነፋስ ብቻ ነበር። መፍቻውን ልለቅ ስል ቡሎኑ ዞረ።

አንድ ሰው ከላይ እያዞረ ነበር። ጠበቀ፤ ወደ ሁለተኛው አለፍኩ፤ እሱም አለፈ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ሳላስበው «ልጄ ለፋሲካ አትመጣም» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ላይ ያለው ሰው የገባው ይሁን ያልገባው አላውቅም። ካቻቢቴው ግን ቆመ። ጥቂት ቆይቶ፣ ከበፊቱ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

አራተኛው ጠብቆ ስወጣ ወለሉ ላይ ማንም የለም። ካቻቢቴው በሥርዓት ተቀምጧል። የግቢው አባል በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ የየራሱን ጀልባ በትጋት ይፈትጋል።

ሰኞ መርማሪዎ መጥቶ በብረቱ ሥር ውሃ አፈሰሰ፤ ጠብታ አልገባም። ከዚያም እንድፈርምበት ወረቀት ሰጠኝ። ሥራውን የሠራው የጀልባው ባለቤት፣ የቅርብ ቤተሰብ ወይስ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው ይላል፤ ካልፈረምኩ ጀልባዋ አትወርድም። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምልክት ባደርግ የሚያውቅብኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ነገር ግን በንግድ ዘመኔ ያልተረከብኩትን ዕቃ ተረከብኩ ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይፈረም ሱቄ ተቀምጧል፤ በምትኩ ይህን በሕዝብ ፊት እጽፋለሁ። ብቻዬን አልሠራሁትም። ዘመዴ አልሠራውም። ባለሙያዎም ገና አልመጣም። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ አልጠየቅሁም፤ ቢጠይቁኝም አልጠይቅልዎትም።

ማቆሚያ ቦታዬን ለመንጠቅ ሥልጣን አለዎት። ሐይቁ ላይ መንሳፈፍ ቢቀርብኝ እችለዋለሁ፤ እንደ ባለቤቴ ነፋስ የማነብ ሰው አይደለሁም። ግቢው ሲቀርብኝ ግን ቅዳሜን የት እንደማውላት አላውቅም፤ እርስዎ የተሻለ ቦታ ካወቁ ይጠቁሙኝ። ካላወቁ ደግሞ በወረቀትዎ ላይ ለአራተኛው ዓይነት ሰው አንድ መስመር ይጨምሩልኝና ያን ጊዜ እፈርማለሁ። ስሙን ምን እንደሚሉት ኮሚቴው ተወያይቶ ይወስን፤ እኔ ይህን ያህል ዘመን ስሸጥና ስገዛ ቃሉን አላገኘሁትም።

ውሳኔዎን በትዕግሥት የምጠብቅ፣ ለደኅንነቴ ስለሚጨነቁልኝ ዘወትር የማመሰግንዎት፣ ከሰው ሁሉ ስለጠበቁኝም ውለታዎን የማልረሳ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ብርሃነሽ ጥሩነህ
የ«ዶሮቲ» ብቸኛ ባለቤት
ዌስተን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ በጀልባዎ አጠገብ ሳልፍ የኋለኛው ቋሚ ብረትዎ ሲወዛወዝ አየሁ። መርማሪው አልጻፈብዎትም፤ ዓይኑ ደክሞት ይሆናል። የተከበሩ ባለቤትዎ የግቢያችንን ጭቃ እንደማይወዱ ስለሰማሁ፣ በቅርብ ቤተሰብ በኩል እርስዎም እንደሚቸገሩ አሰብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ያንኳኩ፤ ታች እገባልዎታለሁ። አስቀድመው ግን ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ያንሱት፤ እኔ ሕግ የማከብር ሰው ነኝ።