ሃያ ጭረት ያለው ዘንግ

ጥቅምት 9፣ 1957

ያው ነው። ጠዋት መለኪያ ዘንጉን ታንከሩ ውስጥ ሰደድኩ፣ አነበብኩ፣ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ናፍጣው እንደገና ጎድሏል። በተሞላ ሰሞን ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ወደ ማለቂያው ደግሞ ይተርፋል። አዲሱ ናፍጣ ቀጂ ያሕያም ሲደፍር ሰርቆ ሲፈራ የሚመልስ ዓይነት ነው። አምና በሌብነት ከተባረረው ከደበላ በምን ተሻለ? ሾፌሮቹም ያው... ከሩብና ከሲሶ የቱ እንደሚበልጥ የሚያውቅ አንድ የለም። መኪና ግን ይነዳሉ።

የድርጅታችን አለቃ ኢንጂነር ወልዱ አዲስ የመጋዘን ሹም ሊመርጥ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ። ከውጭ አገር ይዞት የመጣውን የሂሳብ ማስሊያ ማስመሪያ፣ ስላይድ ሩሉን፣ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ይንጎራደዳል፤ ምሳ ሲበላም አያወጣውም። «አቶ ስለሺ፣ እርስዎ ጎበዝ ነዎት፤ ግን ለዚህ ቦታ ቢያንስ ካልኩለስ የነካ ሰው ነው የምፈልገው» አለኝ፣ ጸሐፊዋ እየሰማች። ለናፍጣ መጋዘን! ጠላት ሲገባ ትምህርት ቤታችን ባይዘጋ እኔስ የት እደርስ ነበር? አልጀብራውን ብቻዬን ጨርሼ ካልኩለሱን ጀምሬው ነበር እኮ። አምና ተውኩት... ሰለቸኝ። ሰለቸኝ ነው ወይስ ከበደኝ? ለማንኛውም እመለስበታለሁ። ያየኛል።

ጥቅምት 15

መጽሐፉን ከሳጥን ሥር አገኘሁት። አገሩ ሊመለስ ከነበረ ህንድ አስተማሪ የገዛሁት ነው። ሙሉ፣ ባለቤቴ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀድዳ በርበሬ ጠቅልላባቸዋለች። መልሶቹ የነበሩት እዚያ ላይ ነው። «መልሱን አስቀድመህ ካየኸው ምኑን ትማራለህ?» አለችኝ። ከእሷ ጋር ክርክር አያዋጣም። ግን አሁን ልክ መሆኔን ማን ይነግረኛል?

ኅዳር 4

ሊሚት። ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ አይደርስም። ልክ የወልዱ ትሕትና።

ኅዳር 19

አዲሱ ገበያ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደበላን አየሁት። ዘበኛ ሆኗል። የተጫጫረ አሮጌ ዱላ ይዞ ቆሟል። ያፍራል ስል ጭራሽ የልጆቼን ጤና ጠየቀኝ። ዓይነ ደረቅ።

ከያሕያ በፊት ናፍጣ ቀጂያችን እሱ ነበር። መለኪያ ዘንግም ነበረው፣ ራሱ የቆረጠው። ሲያዩት ያሳፍራል... ጭረቱ ጫፍና ጫፉ ላይ የተራራቀ፣ መሐሉ ላይ የተፋፈገ። ሰካራም የቆረጠው ይመስላል። አንዱ ጭረት አምስት መቶ ሊትር ነው ይል ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው! አምና አውጥቼ ጣልኩና አዲስ ሠራሁ። በማስመሪያ፣ ሃያ ጭረት፣ ሁሉም እኩል። በአዲሱ ዘንግ በለካሁ በመጀመሪያው ወር አምስት መቶ አርባ ሊትር ጎደለ። ደበላ ያኔ ተነቃበት። መርማሪ ኮሚቴው ፊት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋን አንገቱ ላይ ሲቀዳ ቶሎ ይጎድላል፣ ሆዱ ላይ ሲደርስ አይነቃነቅም። ጌጤን ጠይቋት።» ጌጤ ሚስቱ ናት፣ ጠላ ትጠምቃለች። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ምርመራው ሳያልቅ ናፍጣው ተርፎ ሲገኝ ደግሞ «ይኸው፣ ፈርቶ መለሰ» ብዬ መሰከርኩ። ወልዱ ፈረመ። ተባረረ።

ታኅሣሥ 10

ኢንቴግራል ገባኝ። ገባኝ! ክቡን በስሱ በስሱ ቆራርጦ መደመር ነው፣ በቃ። ለወልዱ ሁለት ጥያቄ ሠርቼ አሳየሁት። መገረሙን ሊደብቅ ሞከረ። «የመጋዘኑ ቦታ የእርስዎ ነው ማለት ይቻላል» አለኝ። ማለት ይቻላል... ቁርጡን ቢናገር ምን ይጎዳው ነበር?

ታኅሣሥ 14

መጽሐፉ መልስ ስለሌለው መልሱን አስቀድሜ የማውቀው ጥያቄ ፈለግሁ። የራሳችንን ታንከር ወሰድኩ። እንደ በርሜል ክብ ነው፣ በጎኑ የተኛ፤ አሥር ሺህ ሊትር ይይዛል። ከላይ ሩቡ ሲወርድ፣ ዘንጌ አሥራ አምስተኛው ጭረት ላይ ሲያርፍ፣ ሰባት ሺህ አምስት መቶ መውጣት አለበት።

ስምንት ሺህ አርባ አምስት ወጣ።

ተሳስቻለሁ ብዬ ደገምኩት። ሦስት ጊዜ። ስምንት ሺህ አርባ አምስት። ከላይ ጠባብ ነዋ! ጥቂት ሲቀዳ ዘንጉ ላይ ብዙ ይወርዳል። መሐሉ ሰፊ ነው፤ ብዙ ተቀድቶም ትንሽ ይወርዳል። ሲሞላ የሚጎድለው፣ ሲያልቅ የሚተርፈው... ማንም አልሰረቀም። ማንም አልመለሰም።

ደበላ የተወነጀለበትን ወር መዝገብ አወጣሁ። የቀዳው ሲቀነስ ስምንት ሺህ አርባ ሊትር መኖር ነበረበት። ዘንጌ ያረፈው አሥራ አምስተኛው ጭረት ላይ ነው። ናፍጣው ምንም ሳይጎድል እዚያው ውስጥ ነበር።

ታኅሣሥ 15

መጽሐፉን አልከፈትኩም።

ታኅሣሥ 21

ዝም ብል ማን ያውቃል? ይህን መጽሐፍ የሚያነብ በጉለሌ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሹመቱ ሰኞ ይነገራል። ሙሉ ምን ሆነህ ነው እህል አልበላ ያልከው አለችኝ። ጥርሴን ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 23

ለወልዱ ነገርኩት። ስላይድ ሩሉን አወጣ፣ ሁለቴ ገፋ ሳብ አደረገው፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ። አራት ዓመት ካልኩለስ ተምሮ፣ በየቀኑ መኪናውን ታንከሩ አጠገብ እያቆመ፣ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየውም። «ፊርማዬ አለበት» አለ። «ዘንጉን በዝምታ ይለውጡት። እርስዎም ይሾማሉ፣ ነገሩም እዚሁ ይቀራል።»

ናቅኩት። ከዚያ ደግሞ... እኔስ ዘጠኝ ቀን ዝም ያልኩት ምን ይባላል? እሱ አላየም፣ ፈረመ። እኔ ዘንጉን ቆረጥኩ፣ ሳቅሁ፣ መሰከርኩ። ሰው ሁሉ ሞኝ ነው ስል ራሴን ሳልቆጥር ኖሬያለሁ። ሹመቱን ለሌላ ስጠው አልኩት።

ታኅሣሥ 24

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ስሌቱን በወረቀት ይዤ ነበር። ደበላ ወረቀቱን አላየውም። የያዘውን ዱላ አቀበለኝ። ያ አሮጌው ዘንግ! የጣልኩትን አንስቶ ይዞት ኖሯል። ጭረቶቹን ከስሌቴ ጋር አስተያየሁ፤ አንድ በአንድ ገጠሙ። እንዴት ቆረጥከው አልኩት። ባዶውን ታንከር በበርሜል እየለካ ሞላው፣ አምስት መቶ በደረሰ ቁጥር ዘንጉን ነክሮ ጫረ። ሁለት ቀን ፈጀበት። እኔን ሁለት ወር።

ይቅርታ ጠየቅኩት።

«እዚህ አልቀበልዎትም» አለኝ። «ስሜ የጠፋው ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ይመልሱልኝ።»

ጥር 5

ሾፌሮቹም፣ ኮሚቴውም፣ ጸሐፊዋም ግቢው ውስጥ ቆሙ። ወልዱ በመስኮት ያይ ነበር። ደበላ አልሰረቀም፣ ያሕያም አልሰረቀም፣ ዘንጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሳቁብኝ። እነዚያ ሩብና ሲሶ የማይለዩት ሾፌሮች ሳይቀሩ። አንገቴን መድፋት አማረኝ፣ ግን ቆምኩ። ወይዘሮ ጌጤ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ነበር። «ያኔ ቤቴ ቢመጡ ኖሮ በአንድ ጣሳ አሳይዎት ነበር» አሉኝ። አቶ ደበላ ግን አልሳቁም። ጨበጡኝ።

ጥር 17

ወልዱ አቶ ደበላን ወደ ሥራ የሚመልሰውን ደብዳቤ ፈረመ፣ ዓይኔን ሳያይ። የመጋዘን ሹም ሌላ ሰው ሆነ። እኔ ያው መዝገብ ጸሐፊ ነኝ፤ መጽሐፉም ምዕራፍ ስድስት ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት አቶ ደበላ ዘንጋቸውን ሰደዱ፣ አነበቡልኝ፣ ጻፍኩ። አልጎደለም።